ያልደረሳት ስኳር

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዶክተር ሰመረ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በጤናና በሰላም እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኔ የአክስትህ ልጅ ለተገብርኤል፣ ባለቤቴ ኃይለማርያምና ልጃችን ሰምሃል፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። እናትህ አክስቴ እጸገነትም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እሑድ እሑድ ከኡራኤል ሲመለሱ እኛ ቤት ጎራ ብለው ያርፋሉ። ስላንተ ሳያወሩ አይሄዱም። ባለፈው ለጎረቤቴ "ልጄ ጀርመን አገር ትልቅ ሐኪም ነው" ሲሏት ቆይተው፣ ስለ ጨጓራዋ በደብዳቤ እንድታማክርህ አድራሻህን ሊሰጧት ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

አሁን ግን እኔው ራሴ ያንኑ ላደርግ ነው። ስለ ሰምሃል ነው።

አንተ ስትሄድ አልተወለደችም፤ ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሆናት። ከአምስት ወሯ ጀምሮ ይጥላታል። ያኔ ዓይኖቿ ወዲያ ወዲህ ይቅበዘበዙ ነበር፤ ብርሃን ነው ያስቸገራት ብለን መጋረጃ እንዘጋ ነበር። አሁን መጀመሪያ ትፈዛለች፣ ከዚያ ግራ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ትወድቃለች። እግሯ አይጸናም፤ ስትራመድ ትንገዳገዳለች። አፏም ቶሎ አልተፈታም፣ ሁለት ሦስት ቃል ነው የምትለው። ነገር ግን የምንነግራት ሁሉ ይገባታል፤ ዓይኗን ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

ሐኪም ቤት ሳናቋርጥ ተመላልሰናል። የሚጥል በሽታ ነው ብለው ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጡን። አንዱ ያስተኛታል፣ ሌላው ያስመልሳታል፤ መውደቁ ግን አልቆመም። ከመስከረም ወዲህ መዋዕለ ሕፃናት መሄድ አቁማለች። አስተማሪዋ ጠርታኝ "ሌሎቹ ልጆች ፈሩ" አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

እኔ አሁንም የሆቴሉ ወጥ ቤት ነኝ፤ ኃይለማርያምም ያችኑ ሚኒባስ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ ይነዳል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ልቤ እዚያው ይቀራል፣ ምክንያቱም የሚብስባት ጠዋት ነው። አንተ ባለህበት አገር የተሻለ መድኃኒት ካለ እባክህ ፈልገህ ላክልኝ። እንዴት እንደሚሰጥም ጻፍልኝ፤ እንዳልከኝ አደርጋለሁ።

አክስቴ ሳሚልኝ ብለዋል።

እህትህ ለተገብርኤል


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለተገብርኤል፣

ሰላምታዬ ለአንቺም፣ ለኃይለማርያምም፣ ላላየኋት ለሰምሃልም ይድረስ። ደብዳቤሽ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ደረሰኝ። መልሱን ለመጻፍ ደግሞ እኔ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። በቸልታ እንዳልሆነ እወቂልኝ።

መድኃኒት መላኩን ተይው። ልጅቷን ያላየ ሰው በግምት መድኃኒት ቢልክ ከሚጠቅማት የሚጎዳት ይበልጣል። የሚያክማትን ሐኪም አትተዉት፣ ኪኒኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ደብተር ያዢ። የጣላትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ከዚያ በፊት መቼና ምን እንደበላች ጻፊ። አንድም እንዳታልፊ። እኔ የምሠራበት ክፍል ያሉ ሰዎች ምንም ነገር ከማለታቸው በፊት የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ይጽፋሉ። "ጠዋት ይብሳል" ያልሽው ዝም ብሎ የሚታለፍ አልመሰለኝም።

ለእናቴ አድራሻዬን ለሰው እንዳትሰጥ ንገሪልኝ። የምመልሰው የለኝም፣ ማለቴ ጊዜ የለኝም። እጇን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሰመረ


ካዛንቺስ፣ ጥር 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዶክተር ሰመረ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዳይጎዳህ አክስቴ በየሳምንቱ ይጸልያሉ። እኛ ደህና ነን።

እውነቱን ልንገርህና ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ተቀይሜ ነበር። መድኃኒት ስጠብቅ ደብተር ያዢ ተባልኩ። ኃይለማርያምም "ትልቅ ሰው ሆኖ ረሳን" አለ። ግን ጻፍኩ። የሆቴሉን የዕቃ መመዝገቢያ ደብተር ግማሹን ገንጥዬ ወስጄ ጻፍኩ። በአርባ ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት ጊዜ ጥሏታል። ከሃያ ስድስቱ አሥራ ዘጠኙ ከቁርስ በፊት ነው። አምስቱ ደግሞ ምሳ ሲዘገይባት። ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬያት ኖሬ ይህን አላየሁትም ነበር።

አሁን የምነግርህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በታኅሣሥ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ጸበል ወሰድናት። በሄድን በማግስቱ ጉሮሮዋ አበጠ። ምንም አልውጥ አለች። ከጸበሉና ከትንሽ የአጃ ውሃ በቀር ለአራት ቀን አንድም ነገር አልቀመሰችም። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ጣላት። ሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ቀን ምንም። አራተኛው ቀን ምንም። አምስተኛው ቀን ጠዋት ልትጠመቅ ስትል እጄን ይዛ "እማዬ፣ ውሃው ለምን ይበርዳል?" አለችኝ። አራት ቃል ነው። በአንድ ጊዜ አራት ቃል ብላ አታውቅም። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጉሮሮዋ ተሻላት፣ መብላት ጀመረች፣ ወደ ቤት መጣን። ደስ ብሎን ዳቦ፣ ማር፣ ያማራትን ሁሉ ሰጠናት። በሁለተኛው ቀን ጣላት። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ነው።

ኃይለማርያም "ሰባቱን ቀን ሳንጨርስ ስለመጣን ነው" ይላል። ይሆናል። እኔ ግን ደብተሩን ስገልጥ ሌላ ነገር ይታየኛልና ለመናገር እፈራለሁ። ልጄ ስትራብ ይሻላታል እንዴ? እንዲህ ያለ በሽታ አለ? ካለስ ለምን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ይብስባታል? ሁለቱ አልገጥም አሉኝ። አንተ ተምረሃልና አስረዳኝ።

እህትህ ለተገብርኤል


ላይፕዚግ፣ የካቲት 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለተ፣

ለሁላችሁም ጤና እየተመኘሁ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ነበር ያነበብኩት። ሳነብ ምግቤ ቀዘቀዘ። የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ክራውዘ የምትባል ሴት ናት። ብዙ አታወራም። ከእኔ ጋር ደግሞ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ቢሮዋን አንኳኩቼ ገባሁና "ከአገሬ የመጣ ደብዳቤ ልተርጉምልዎት?" አልኳት። ዳቦ እየበላች ነበር። "ሁለቱ አልገጥም አሉኝ" ያልሽው ላይ ስደርስ ዳቦውን አስቀመጠች። "እናትየዋ ይህን በራሷ አየችው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ሙያዋ ምንድን ነው?" ወጥ ቤት አልኳት። "እንደገና ከመጀመሪያው አንብብልኝ" አለች።

እሷ ያለችውን እኔ እንደገባኝ ልጻፍልሽ።

ሰውነታችን የተሠራው ከሴሎች ነው። እያንዳንዱ ሴል በስስ የስብ ልባስ ተሸፍኗል። ስኳር ውሃ ውስጥ እንጂ ስብ ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ በራሱ ጊዜ ልባሱን አልፎ መግባት አይችልም። የሚያስገባው በልባሱ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ስኳሩን በአንድ በኩል ይቀበልና ቅርጹን ለውጦ በሌላው በኩል ይለቀዋል። ለዚህ ሥራ ጉልበት አያወጣም። ስኳር ከበዛበት ወደ አነሰበት መሄዱ የተፈጥሮው ነው፤ የጎደለው የሚያሳልፈው ብቻ ነበር። ሰዎቹ ለዚህ ረዥም ስም አላቸው። እኔ በአማርኛ "በረዳት ማለፍ" ብዬዋለሁ።

ደም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ስኳር በዚሁ መንገድ ነው የሚገባው። አንዳንድ ልጆች ግን ይህ ፕሮቲን በግማሽ ጎድሎባቸው ይወለዳሉ። ደማቸው ስኳር ሞልቶት አንጎላቸው ይራባል። በሽታው ከታወቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ጠዋት የደሟ ስኳር ዝቅ ሲል፣ ከዚያው ዝቅ ካለው ላይ ግማሹ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ይጥላታል። ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ስትቆይ ግን ሰውነቷ የራሱን ስብ እያቀለጠ ሌላ ምግብ ለአንጎል ይሠራል። ያኛው የሚገባው በሌላ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ አልጎደለባትም። ሁለቱ የሚገጥሙት እዚህ ላይ ነው። ካልተሳሳትን።

እንዳትሳሳቱ ግን፣ ልጅቷን ማስራብ አደጋ ነው፤ ፈጽሞ አታድርጉት። ይህ በሽታ ከሆነ ስብ የበዛበት፣ ስኳርና እህል ግን እጅግ ያነሰበት ምግብ ነው መድኃኒቱ፤ እሱም ሐኪም እየተከታተለው።

መሆኑን ለማወቅ አንድ ምርመራ አለ። በአንድ ቀን፣ አራት ሰዓት ያህል ሳትበላ ቆይታ፣ የደሟ ስኳርና ከጀርባዋ በመርፌ የሚወሰደው ፈሳሽ ስኳር አብረው ይለካሉ። የደሟ ደህና ሆኖ የጀርባዋ ፈሳሽ በጣም ካነሰ ነገሩ ይኸው ነው። ፕሮፌሰሯ ለሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ደብዳቤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ስጡት።

ወንድምሽ ሰመረ


ካዛንቺስ፣ መጋቢት 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለዶክተር ሰመረ፣

ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ኃይለማርያም ነኝ። በጽሑፍ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ስለሆነ ቃል ብሳሳት ይቅር ይበሉኝ።

ለተ ደብዳቤዎን አንብባልኛለች። ስለ ስኳሩ ያሉት ገብቶኛል። ፕሮቲኑን ረዳት ማለትዎ ደግሞ ለታክሲ ሰው ይጥማል። የከበደኝ መርፌው ነው። ሜክሲኮ ተራ የሚሠራ ገበያው የሚባል ጓደኛ አለኝ። ለወንድሙ ከጀርባው ፈሳሽ ወሰዱለት፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም። ያቺ ልጅ እየተንገዳገደችም ቢሆን በእግሯ ትሄዳለች። ማታ ስገባ በሩ ድረስ መጥታ ትቀበለኛለች። ያችኑ እርምጃዋን ካጣሁ ምን ይቀረኛል?

ለተ ቆርጣለች። ስለዚህ ነገር ከተነጋገርን ወዲህ ቤታችን ዝምታ በዝቶበታል። ሁዳዴ ስለሆነ ነው እላለሁ እንጂ ጾሙ አይደለም።

እርስዎ ሐኪም ነዎት፣ ሥጋችንም ነዎት። ይህን መርፌ በእጅዎ ስንት ልጅ ወግተዋል? ስንቱስ ደህና ሆነ? "በእጄ አድርጌዋለሁ፣ ለገዛ ልጄም አደርገዋለሁ" ብለው ይጻፉልኝ። ይህን ካነበብኩ ራሴ ነድቼ እወስዳታለሁ።

አክባሪዎ ኃይለማርያም


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኃይለማርያምና ለእህቴ ለለተገብርኤል፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ፤ ዘግይቼ ነው ግን ከልቤ ነው።

ኃይለማርያም፣ የጠየቅከኝን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌው ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ቀላል ነበር። አንድ መስመር ነው፤ ጽፌ ብልከው ልጅቷ ትመረመር ነበር። ግን ልጽፈው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እኔ በሕይወቴ አንድም ሰው መርፌ ወግቼ አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም።

በ78 ሕክምና ልማር መጣሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፈተና ወደቅሁ። ደገምኩ፣ እንደገና ወደቅሁ። ከዚያ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ሲዋሃዱ ወደዚህ ያመጣን የትምህርት ዕድልም አብሮ ተዘጋ። ያኔ እናቴ "ጨረስክ ወይ?" ብላ ደብዳቤ አስጻፈች። እኔም "ሥራ ይዣለሁ፣ ሕክምና ፋኩልቲ ነው የምሠራው" ብዬ መለስኩ። ውሸት አልነበረም። እሷ ዶክተር ሆነ ማለት ነው ብላ ወሰደችው፣ እኔም ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆና ቱቦ ማጠብ ነው። እነ ፕሮፌሰር ክራውዘ ሠርተው ሲጨርሱ እኔ ሰብስቤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መልሼ እደረድራለሁ። ስለ ስኳሩ የጻፍኩላችሁ ከዚያው ሲያወሩ የሰማሁትን፣ በኋላም እሷ ቁጭ ብላ ያስረዳችኝን ነው።

አሁን ስለ መርፌው የጠየቅኳትን ልንገራችሁ። መርፌው የሚገባው ወገብ ላይ፣ ዋናው የጀርባ ነርቭ ካለቀበት በታች ነው። ብዙ ጊዜ የሚከተለው የራስ ምታት ነው። ሽባነት እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ካልሆነ አያጋጥምም። የገበያው ወንድም መርፌውን የተወጋው እግሩ መዛል ጀምሮ ምክንያቱ ሲፈለግ ይሆን? እኔ አላውቅም፤ አንተ ጠይቀው። ልጇን በዚህ መርፌ አስመርምራ እንደሆነ ፕሮፌሰሯን ጠየቅኳት። "ልጄን በአምስት ዓመቱ፣ ለማጅራት ገትር" አለችኝ። ይህ የእሷ ቃል ነው። በላክሁላችሁ ደብዳቤ ላይ ያለውም ፊርማ የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ከእንግዲህ እኔን ማመን ቢያቅታችሁ አልቀየምም። እኔን ስትተዉ ግን ያንን ደብዳቤ አብራችሁ አትተዉት።

ለእናቴ መንገርና አለመንገሩን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ አቅቶኛል።

ሰመረ


ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰመረ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሁለት ወር ዝም አልኩህ። በሥራ ብዛት ነው ብልህ እኔም መዋሸቴ ነው። ተናድጄ ነበር። ጥቅምት ላይ "እንዳልከኝ አደርጋለሁ" ብዬ የጻፍኩልህን አስታወስኩት፤ መድኃኒት ብለህ ምንም ብትልክልኝ አጠጣት ነበር። ሲቆይ ደግሞ ያኔ አለመላክህን አሰብኩት።

ኃይለማርያም ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። "ታዲያ አሁን ማንን ነው የምናምነው?" አለኝ።

ሰኔ 6 ቀን እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሰምሃልን ጋቢና አስቀምጧት ይነዳ ነበር። ሰው ሞልቶ ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ ሲወርድ ጣላት። መኪናውን ዳር አስይዞ ተሳፋሪውን አወረደ። አንዲት ሴት ብቻ አልወርድም ብላ የልጅቷን ራስ ደግፋ ቆየች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የቆየው፤ በእጅ ሰዓቱ ቆጥሮታል። ቤት ሲመጣ ቁልፉን እንኳ ሳያስቀምጥ "የሴትየዋን ደብዳቤ አውጪው" አለኝ።

"መርፌውስ?" አልኩት።

"ገበያውን ጠየቅኩት። ወንድሙ ሐኪም ቤት የገባው በሸክም ነው። እኔ ሳልጠይቀው ነው ሦስት ወር የፈራሁት።"

ሐኪሟ ዶክተር አስገዶም ይባላል፣ ወጣት ነው። ደብዳቤውን ቆሞ ማንበብ ጀምሮ ቁጭ ብሎ ጨረሰው። "ይህን በሽታ መጽሔት ላይ አንብቤዋለሁ፣ ታማሚ አይቼ ግን አላውቅም" አለ። ከዚያ ደብተሬን ጠየቀኝ። እያንዳንዱን ገጽ አገላብጦ አየ።

ሰኔ 12 ቀን ፈሳሹን ከጀርባዋ ወሰዱላት። ኃይለማርያም እጇን ይዞ ነበር፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ለብዙ ሰዓት በጀርባዋ አስተኟት። ከዚያ ተነሺ ሲሏት ተነሳችና እንደ ወትሮዋ እየተንገዳገደች እስከ በሩ ሄደች። ኃይለማርያም እግሯን ሲያይ ነበር። ሌላ ምንም አላየም። እዚያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ውጤቱ የደሟ ዘጠና፣ የጀርባዋ ሠላሳ አንድ። ዶክተሩ "ቢያንስ ሃምሳውን ማለፍ ነበረበት" አለና ወረቀቱን ለራሱ ደግሞ አነበበው።

ምግቡን የጀመርንላት እዚያው አልጋ ይዛ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት አስመለሳት፣ ድካም ብቻ ሆነች፤ እተወዋለሁ ብዬ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መውደቁ ቆመ። ሳይጥላት ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኗ ነው። ቅቤ፣ ክሬም፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ጎመን በዘይት። ሁሉም በግራም ነው፤ የሆቴላችን ሼፍ ለኬክ የሚመዝንበትን ትንሿን ሚዛን አውሶኛል። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ከረሜላ የለም። ከግንቦቱ ደብዳቤ ጋር የላክኸውን የሽንት መመርመሪያ ወረቀት በየጠዋቱ ነክሬ አያለሁ፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ ሲሆን ሰውነቷ ስቡን እያቀለጠ ነው ማለት ነውና ደስ ይለኛል።

ዶክተር አስገዶምና ፕሮፌሰሯ በፋክስ ተጻጽፈው ደሟ እናንተ ጋ እንዲመረመር ተስማምተዋል። ሜክሲኮ አካባቢ የመኪና ዕቃ የሚነግደው ሙክታር በነሐሴ መጨረሻ ፍራንክፈርት ይመጣል። በቴርሞስ፣ በበረዶ አድርጎ ያመጣልሃል። ተቀበለው።

ለተገብርኤል


ላይፕዚግ፣ መስከረም 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለተገብርኤልና ለኃይለማርያም፣

አዲሱ ዓመት የእረፍት ይሁንላችሁ።

ሙክታርን አውሮፕላን ማረፊያ ጠብቄ አገኘሁት። ቴርሞሱን አቅፎት ነበር። "ዕቃ ጭነት ውስጥ ክተት ሲሉኝ የልጅ ደም ነው ብዬ እምቢ አልኩ" አለኝ። በባቡር አምስት ሰዓት እኔም እንደሱ አቅፌው ተጓዝኩ።

በማግስቱ ምርመራው የሚሠራባቸውን ቱቦዎች አጠብኩ። ሰባት ዓመት ያጠብኳቸው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንዷን ሦስት ጊዜ አጠብኳት። ጨርሼ ልወጣ ስል ፕሮፌሰሯ "የት ትሄዳለህ? ቆይ እንጂ" አለችኝ። ነጭ ጋውን አልሰጠችኝም፣ ወንበር ነው የሰጠችኝ።

ቀይ የደም ሴልም ስኳር የሚያስገባው በዚያው ፕሮቲን ነው፤ ለዚህ ነው አንጎልን ሳይነኩ በደም ማወቅ የሚቻለው። የሰምሃልን ሴሎች በአንድ በኩል፣ የጤነኛ ሰው ሴሎችን በሌላ በኩል አድርገው ምልክት የተደረገበት ስኳር ጨመሩባቸው። አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ጠብቀው በቀዝቃዛ አስቆሙት። ከዚያ ስንቱ እንደገባ በመሣሪያ ተቆጠረ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። በሦስቱም የሰምሃል ሴሎች ያስገቡት ከጤነኛው ግማሹን ነው፣ ትንሽ ከግማሽ በታች።

ሁልጊዜ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር፣ ላዩን የጤነኛ ታቹን የታማሚ፣ ሲሰምሩ ሩቅ ቆሜ አይ ነበር። አሁን የታችኛው መስመር ልጃችሁ ናት። ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን ለእኔ ዘርግታ "እናትየዋ ትክክል ነበረች፣ ጻፍላት" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ፤ የወረቀቱም ቅጂ አብሮ አለ።

ምግቡ ፕሮቲኑን አያበዛም፤ ሲወለድ የጎደለው ጎድሎ ይኖራል። ለብዙ ዓመት መቀጠል አለበት። እግሯም ፈጽሞ ላይጸና ይችላል። ይህንንም እንድጽፍ ነግራኛለች።

ስለ እናቴ ምንም አልጻፍሽልኝም። እኔም አልጠየቅኩሽም።

ሰመረ


ካዛንቺስ፣ ኅዳር 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰመረ፣

ሰላምታችን ይድረስህ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ኃይለማርያም ሁለቱን መስመሮች በጣቱ ሲከተል አመሸ።

ሰምሃል ሰባት ዓመት ሞላት። ከሰኔ ወዲህ የጣላት ሁለት ጊዜ ነው፣ የሁለቱንም ምክንያት አውቀዋለሁ። አንዱ በፍልሰታ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጾመው ሲቆርቡ እሷ "እኔም" አለች። ቅቤዋን ገፍታ አፏን ዘጋች፤ በማግስቱ ጣላት። የነፍስ አባታችንን አባ ወልደአረጋይን ጠራኋቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። አጠገቧ ዝቅ ብለው ቁጭ አሉና "ያንቺ ጾም ከረሜላ አለመብላት ነው። እነሱ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚጾሙት፣ አንቺ ዓመቱን ሙሉ" አሏት። ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ሳህኗን ሳበች። ሁለተኛው ደግሞ በጥቅምት ነው፣ የክፍል ጓደኛዋን ዳቦ ቀምታ በልታ።

የክፍል ጓደኛዋን ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ትምህርት ቤት ገብታለች። ከእኩዮቿ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ናት፣ ስትሮጥ ትወድቃለች፣ ግን መውደቅ ብቻ ነው፤ አቧራዋን አራግፋ ትነሳለች። ብዙ ታወራለች። ኃይለማርያም አንዳንዴ "ትንሽ ዝም በይ" ይላትና መልሶ ደንግጦ "የለም፣ አውሪ" ይላታል።

ስለ አክስቴ። አልጻፍኩልህም ምክንያቱም አልነገርኳቸውም ነበር። የመስከረሙ ደብዳቤህ ሲመጣ ግን እሑድ ቀን ቤት ሳሉ ሁለቱንም ደብዳቤዎች አወጣሁ። የግንቦቱን መጀመሪያ አነበብኩላቸው። ብርጭቆ አጥባለሁ ያልከው ላይ ስደርስ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አላቋረጡኝም። ከዚያ የመስከረሙን አነበብኩላቸው፤ ቱቦዋን ሦስት ጊዜ አጠብኳት ያልከውን፣ ወንበር የሰጠችህን።

ስጨርስ ሰምሃል መጥታ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች።

"የዚህችን ደም ያደረሰው እሱ ነው?" አሉ።

"አዎ።"

"ዕቃውንም ያጠበው እሱ ነው?"

"አዎ፣ አክስቴ።"

"እዚያ አገር ብርድ ነው" አሉ ቀጥለው። "ልጅ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ እጁን ይሰነጣጥቀው ነበር፤ ቅባት እቀባው ነበር። በሙቅ ውሃ ነው የሚያጥበው?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

"ጠይቂልኝ።"

ይኸው ጠየቅኩህ። መልሱን ግን ለእኔ አትላከው። ለእሳቸው በስማቸው ጻፍላቸው። እኔ አነብላቸዋለሁ።

እህትህ ለተገብርኤል